መስኮት ፍለጋ እስከ መቱ

«ልጄ፣ ዝጊው። ላንቺ አየር ነው፣ ለእኔ ሞት ነው።»

ይህን ያሉኝ ከአዲስ አበባ ወደ መቱ በሚሄደው አውቶቡስ ከጎኔ የተቀመጡ ሽማግሌ ናቸው። ገና ወሊሶ አልደረስንም። መስኮቱን የከፈትኩት አንድ ጣት ብታስገባ ነው። እኔ የደብረ ብርሃን ልጅ ነኝ፤ ብርድ ምን እንደሆነ የማውቅ ይመስለኛል። እኛ ዘንድ በጥቅምትና በኅዳር በባልዲ ያደረ ውኃ ጠዋት ላዩ ረግቶ ነው የሚገኘው። ይህ ሁሉ ሰው ተጨናንቆ እየተነፈሰ ነፋስ ብትገባ ምን አለበት ብዬ ተከራከርኳቸው። ከኋላችን ያለች ሴት፣ ልጅ ይዣለሁ ዝጊ አለች። ሹፌሩም በመስተዋቱ አየኝና አየር ከፈለግሽ ጣሪያው ላይ ከሻንጣዎቹ ጋር ቦታ አለ አለኝ። አውቶቡሱ ሳቀ። ዘጋሁት።

ወደ ኢሉባቦር የሄድኩት አገር ለማየት ብዬ አይደለም። ታላቅ እህቴ ሰብለ ባሏን ተከትላ መቱ ከገባች ዓመት ሊሞላት ነው። ልጇ ቤዛ ሁለት ዓመት አልሞላትም። እዚያ ከሄዱ ወዲህ ሦስት ጊዜ የሳንባ ምች ይዟት ሦስቱንም ጊዜ ለጥቂት ነው የተረፈችው። እናቴ በስልክ የልጅቷን ሳል ሰምታ እንቅልፍ አጣች። እኔ አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ፣ ሁለት ቦታ ተቀጥሬ ሁለቱንም ትቼ ቤት ውስጥ እየተቆራጠጥኩ ስለነበር መሄዱ ለእኔ ደረሰ። አዲስ ብርድ ልብስ፣ በሶና ቅቤ አሸክማ ስትሸኘኝ ሌላ ምክር አልሰጠችኝም፤ «ልጅቷን ይዘሽልኝ ነይ። ባዶ እጅሽን እንዳትመጪ» ብቻ ነው ያለችኝ።

የመጀመሪያው ቀን እንዲህ ታፍነን አለፈ። ጅማ ምሳ በላን። አጋሮን ካለፍን በኋላ የኋላ ጎማ ፈነዳ፤ ሁላችንም ወርደን መንገድ ዳር ቆምን። ያን ጊዜ ሽማግሌው ከላስቲክ ውስጥ ዳቦ አወጡና ግማሹን ቆርሰው ሰጡኝ። ጋሼ ተክሌ ይባላሉ። አባታቸው ከሰሜን መጥተው መቱ የቀሩ፣ እሳቸውም እዚያው ተወልደው በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ጡረታ እስኪወጡ የሠሩ ናቸው። ስለ መስኮቱ ይቅርታ ልጠይቃቸው አስቤ ነበር፤ አፌ እሺ አላለኝም። እሳቸው ግን ራሳቸው አነሱት። ወንድማቸው በአንድ ክረምት በብርድ ተመትቶ በሳምንቱ እንደሞተ ነገሩኝ። ሐኪም ምን አለ ብላቸው ሐኪም የሳንባ ምች ነው አለ፣ እኛ ግን በር ላይ ተቀምጦ ነፋስ ሲመታው አይተናል አሉ። ዳቦውን በላሁ።

በደሌ ስንገባ መሽቷል። የያዝኩት አልጋ ቤት መስኮት የለውም። አንሶላው ርጥብ ስለሆነብኝ አሁን ነው እንዴ ያጠባችሁት ብዬ ባለቤቷን ጠየቅኳት። ዳሰስ አደረገችውና «ይሄማ ደርቋል፤ የእኛ ደረቅ ይሄ ነው» አለችኝ። ከዚያ ብርድ እንዳይመታኝ ብላ ከሰል የሞላ ምድጃ አምጥታ ከአልጋዬ ሥር ልታኖር ስትል ጮህኩባት። በተዘጋ ክፍል ከሰል ሰው እንደሚገድል እሷ አላጣችውም፤ ግን በሩን ትንሽ ገርበብ ታደርጊዋለሽ ብላ ነው። ተቀይማ ወጣች። ትንሽ ቆይታ ፍል ውኃ የሞላበት የፕላስቲክ ጠርሙስ በጨርቅ ጠቅልላ እግሬ ሥር አስቀመጠችልኝና ሳትናገረኝ ሄደች። ደብረ ብርሃን እንዲህ ያለ ነገር ያደረገልኝ አልጋ ቤት የለም፤ አልጋ ቤት አድሬም አላውቅ።

በሁለተኛው ቀን ዝናብ ከበደሌ ተቀብሎን መቱ ድረስ ሸኘን። ያዮን ስናልፍ ጫካው መንገዱ ላይ ተደፍቶ ቀኑን ያጨልመዋል። ቡናው ከትልልቆቹ ዛፎች ሥር ነው የሚበቅለው፤ ሰው የተከለው አይመስልም። ኬላ ላይ ሁለት ጊዜ ወርደን መታወቂያ አሳየን። ሁሩሙ ገበያ ነበር፤ አውቶቡሱ በዶሮ፣ በሙዝና በማር ጀሪካን ተሞላ። አንዲት እናት ጀሪካናቸውን ከእግሬ አጠገብ አኖሩ። ክዳኑ እንደሚያፈስ ያወቅነው መቱ ልንገባ ስንል ነው። የእናቴ አዲስ ብርድ ልብስ ግማሹ ማር ጠጥቷል። እኔ ልናደድ ስል ሴትዮዋ በኦሮምኛ አንድ ነገር ተናገሩና ሰው ሁሉ ሳቀ። ጋሼ ተክሌ ተረጎሙልኝ፤ ልጅቷ ሕልሟ ይጣፍጥላት ብለዋል። እኔም ሳቅኩ። በዚያ ጉዞ ከልቤ የሳቅኩት እዚያ ላይ ነው።

ጋሼ ተክሌ መናኸሪያው በር ድረስ ሸኝተውኝ ለባጃጁ አድራሻውን በኦሮምኛ አስረዱልኝ። የሰብለ ቤት ከአንድ ሱቅ ጀርባ በተርታ ከተሠሩት አምስት ክፍሎች የመጨረሻው ነው። በር አለው፤ ሌላ ቀዳዳ የለውም። ከግድግዳው ጫፍና ከቆርቆሮው መካከል ክንድ የምታህል ክፍተት ነበረች፤ እሷም ነጭ ፎጣ ተጠቅጥቆባታል። ውጭ ስለሚዘንብ ሰብለ የምታበስለው ውስጥ ነው። የምታነደው ርጥብ እንጨትና የቡና ገለባ ነው፤ ጭሱ መውጫ ሲያጣ ጣሪያው ሥር ተንጋሎ ይቀመጣል። ግድግዳውን ተደገፍኩና እጄ ርሶ ተመለሰ። ከአልጋው ራስጌ ከወለሉ ጀምሮ እስከ ወገቤ ድረስ ጥቁር ሻጋታ ወጥቶበታል። የእኛም ቤት የሀብታም ቤት አይደለም፤ የድንጋይ ግንብ ነው፣ አቧራ ይገባዋል፣ ማታ ማታ ያንዘፈዝፋል። ግን ግድግዳው አይረጥብም።

ቤዛ ያ ግድግዳ ሥር ተኝታለች። ደረቷ በሌላ ነጭ ፎጣ ተጠቅልሏል። ትንፋሿ ሮጦ የመጣ ሰው ትንፋሽ ነው፤ እሷ ግን ተኝታ ነው። «ይቺ ልጅ እየሞተች ነው እኮ» አልኩ። ሰብለ አቅፋኝ ነበርና እጇን ከአንገቴ አነሳች። ገና ሳትቀመጪ አለችኝ።

ቤት አከራይዋ እትዬ ዘይነባ ድምፅ ሰምተው ከሱቃቸው መጡ። ወፍራም፣ ቀይ፣ ተቀምጠው የማያወሩ ሴት ናቸው፤ ቤተሰባቸው ከአባት ጀምሮ የቡና ነጋዴ ነው። በሩን ወለል አድርጌ ከፍቼው ነበር። ገቡና ዘጉት። ከፈትኩት። ዘጉት። «ደብረ ብርሃን ሰው በነፋስ ነው እንዴ የሚያድገው?» አሉኝና ከዚያ ሰዓት ጀምሮ ስሜ ወይዘሪት ነፋስ ሆነ። ቢሆንም ማር የጠጣውን ብርድ ልብስ ከእጄ ቀምተው ራሳቸው አጥበው ገመድ ላይ አሰጡልኝ።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ቤዛን አዝለን ወደ ጤና ጣቢያ ሄድን። ነርሷ ሲስተር ጫልቱ የእኔ እኩያ ብትሆን ነው፤ አማርኛና ኦሮምኛ በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ታደባልቃለች፤ መቱ ሁሉም ሰው እንደዚያ ነው። ባለፈው እንዲህ እንድታደርጊ ብዬሽ ነበር፣ አደረግሽ ወይ ብላ ሰብለን ጠየቀቻት። ሰብለ ወዲያው ገዛሁት እኮ አለች። ነርሷ እጇ ላይ የያዘችውን አስቀመጠች።

«ምኑን ነው የገዛሽው?»

«ፎጣውን። እንዲያውም ሁለት ነው የገዛሁት።»

ከልጅቷ ደረት ላይ ፈትታ አሳየቻት። ሲስተር ጫልቱ ፎጣውን አየች፣ ሰብለን አየች፣ መሳቅ ጀመረችና ወዲያው ተወችው።

«ፎዳ ነው ያልኩሽ። ፎዳ፤ መስኮት።»

በኦሮምኛ መስኮት ፎዳ ነው። ነርሷ ከሁለት ወር በፊት «ይቺን ልጅ ያለ ፎዳ እንዳታስተኛት» ብላ ነበር የሸኘቻት። ሰብለ ፎጣ ብላ ሰማች። ለብርድ ነው ብላ አሰበች፤ ማንም ቢሆን እንደዚያ ነው የሚያስበው። ከመንገድ ገዛችና አንዱን ደረቷ ላይ ጠቀለለች፣ በሌላው ደግሞ ቤቱ የነበረችውን አንዲት ክፍተት ደፈነች። ሁለት ወር ሙሉ በየማታው ፎጣው አለመውለቁን እየተነሳች ታይ ነበር። አንቺ ደደብ የሚል ቃል ጥርሴ ላይ መጥቶ ቆመ። ፊቷን ሳይ ዋጥኩት።

ልጅቷ መርፌ ተወጋች፤ ትንፋሿ ረገብ እስኪል እስከ ከሰዓት አቆዩን። እናቴ ያዘዘችኝን ለነርሷ ነገርኳት። ይዣት ልሂድ አልኩ። ሁለት ቀን በአውቶቡስ፣ መስኮቱን ዘግታችሁ፣ በዚህ ትንፋሽ፣ ብላ ጣቶቿን ቆጠረችልኝ። ለጥቂት ሳምንት እንዳታስቢው አለች። ታዲያ እዚሁ ትቆይ ወይ ስላት ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«እዚያው ክፍል ከሆነ መድኃኒቴ ብቻውን አያወጣትም። ለአራተኛ ጊዜ ነው። እኔ ፈርቻለሁ።»

ከዚያ በኋላ መቱን አላየኋትም። አደባባይዋን፣ ገበያዋን፣ ዩኒቨርሲቲዋን ጻፊ ብትሉኝ ምንም የለኝም። ሰው ቤት መስኮት ብቻ ነው ሳይ የዋልኩት፤ የትኛው ክፍት ነው፣ የትኛው ዝግ ነው እያልኩ። አብዛኛው ዝግ ነው።

በአራተኛው ቀን ጠዋት እትዬ ዘይነባ ሱቅ ገብቼ የኋላውን ግድግዳ ለመስኮት ልንቀድደው ነው አልኳቸው። እንዲህ ነበር ያልኩት፤ እባክዎ እንኳ አላልኩም። አልጮሁብኝም። ከጀርባ ወስደው ግድግዳውን ከውጭ አሳዩኝ። ስምንት ወር የሚዘንብበት አገር ነው፤ የቆርቆሮው ጫፍ አጭር በመሆኑ ውኃው በቀጥታ ጭቃው ላይ ይወርዳል። ባለቤቴ ነው የሠራው፣ ከሞተ በኋላ ማንም ነክቶት አያውቅም አሉኝ። «ይሄ ግድግዳ የቆመው ስላልተነካ ነው፣ ወይዘሪት ነፋስ።» ደግሞም ክፍሉን የተከራየው ታደሰ ነው፤ ከእሱ ጋር እንጂ ከአንቺ ጋር አልነጋገርም አሉ።

ታደሰ የሰብለ ባል ነው። አናጢ ነው፤ ያን ሰሞን ኡካ የምትባል ከተማ ሥራ ይዞ በሳምንት አንዴ ነበር የሚመጣው። ሚኒባስ ይዤ ሄድኩ። መንገዱ ላይ ጭቃው ያዘንና ወንዶቹ ወርደው ሲገፉ እኔም ወርጄ ገፋሁ፤ ጫማዬ አንዱ እዚያው ቀረ። ሾልኮ የወጣውን ጫማ ፍለጋ ሁለት ተሳፋሪዎች ጭቃውን በእንጨት ቆፈሩልኝ፤ አልተገኘም። ከመካከላቸው አንዷ ሴት ቅርጫቷ ውስጥ ያለ ሰንደል ጫማ ሰጠችኝ። ስመለስ የት አምጥቼ ልስጥሽ ስላት እጇን አወዛውዛ ሄደች። ኡካ የገባሁት በሰው ጫማ ነው።

ታደሰን ያገኘሁት አዲስ የሚሠራ ቢሮ ውስጥ መስኮት ሲገጥም ነው። ስድስት መስኮት በተርታ። ነገሩን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ነገርኩት፤ ፎጣውን፣ ነርሷን፣ ሻጋታውን። በሰው ቤት ላይ መስኮት ስትገጥም እየዋልክ የራስህን ቤት እንዴት አታይም አልኩት። ሠራተኞቹ ሥራ አቁመው ይሰሙን ነበር። መዶሻውን መሬት አስቀመጠ።

«ሁልጊዜ የምገባው ሲመሽ ነው» አለ በመጨረሻ። «ጨለማው የቤቱ አልመሰለኝም።»

ከሥራ ቦታው አሮጌ የመስኮት ፍሬም፣ ከነመዝጊያው፣ ለማገዶ ተብሎ የተጣለ ለምኖ አነሳ። ሚኒባሱ ጣሪያ ላይ አሰርነው።

አምስተኛው ቀን ዝናብ የለም ነበር። ታደሰ ጠዋት ሱቁ ገብቶ እትዬ ዘይነባን ለመናቸው። ምን እንዳላቸው አላውቅም። ሲወጡ ዓይናቸው ቀልቷል። አንድ ነገር ብቻ አሉ፤ ልጅቷ እኔ ጋ ትሁን። ቤዛን አዝለው ወደ ሱቁ ገቡ።

ታደሰ በከሰል ምልክት አደረገና ከላይ ጀመረ። መጀመሪያ ጭቃው ተላቀቀ። ከዚያ ውስጥ ያለው ማገር መጣ፤ እንጨት መሆኑ ቀርቷል፣ በጣት ሲነኩት ይፈረፈራል። ታደሰ እጁን ሰበሰበና ወደ ኋላ ገፋኝ። አንድ ነገር ጓ አለ። ግድግዳው ከምልክቱ ጀምሮ እስከ ማዕዘኑ ቀስ ብሎ፣ የደከመው ሰው እንደሚቀመጥ፣ ወደ ውጭ ተኛ። ቆርቆሮው ጎበጠ፤ ታደሰ ሮጦ በሣንቃ ደገፈው። ቀን ገባ። አልጋው፣ ድስቱ፣ የሰብለ ልብስ የተሰቀለበት ምስማር፣ ሁሉ ነገር አደባባይ ወጣ።

ሰብለ መካከሉ ላይ ቆማ አየችኝ።

«ደስ አለሽ?»

ደስ አላለኝም። ይህን ግን አልነገርኳትም። ከሰዓት ሳይሆን ዝናቡ መጣ።

እትዬ ዘይነባ ድንጋጤው ላይ ደረሱ። ቤዛን እንዳዘሉ ናቸው። ጮኸው ይረግሙኛል ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር። እሳቸው ግን ጎንበስ ብለው ከወደቀው ጭቃ አንድ ቁራጭ አነሱ፤ የአልጋው ራስጌ የነበረው ነው። በስብሶ ጠቁሯል፣ እንደ ረግረግ ይሸታል። አሸተቱት። ጀርባቸው ላይ ያለችውን ልጅ በእጃቸው ነካ አደረጉ። ይህን ነው ስትተነፍስ የከረመችው አሉ፤ ለማናችን እንዳሉት እንጃ። ከዚያ ትዕዛዝ ጀመሩ። አልጋው ወደ እሳቸው መኝታ ይግባ፣ ድስቱ ወደ እሳቸው ማዕድ ቤት ይሂድ፣ የተርታው ጎረቤት ሁሉ ለጭቃው የሚሆን ጭድ ይዞ ይምጣ። ግድግዳው እንደገና ተመርጎ እስኪደርቅ ሰብለና ልጅቷ ከእኔ ጋር ናቸው አሉ። እስከ መቼ ይደርቃል ብዬ ጠየቅኩ። ገመዱ ላይ ወዳለው የእናቴ ብርድ ልብስ አገጫቸውን ቀሰሩ። ከታጠበ ሦስተኛ ቀኑ ነው፤ ስጨምቀው ውኃ ወረደው።

የእትዬ ዘይነባ መኝታ መስኮት አለው። ሰፊ የጣውላ መስኮት ነው፤ ወደ መንገድ ያያል። እንደገባን ዘጉት። ከፈትኩት። ቆራ ነው አሉ፤ ቆራ በኦሮምኛ ብርድ ነው። ዘጉት። ነርሷ ያለችውን ነገርኳቸው፣ ሐኪም የሳንባ ምች ነው እያለ ወንድማቸው በብርድ ሞተ ስለሚሉት ሽማግሌም ነገርኳቸው፣ የወደቀውን ጭቃም አሳሰብኳቸው። ሁሉንም ሰሙኝ። እስኪመሽ አራት ጊዜ ከፈትኩት፣ አራት ጊዜ ዘጉት። ለመርፌ ስንሄድ ሲስተር ጫልቱ የቤዛን ደረት አዳምጣ ከትናንት ይሻላል አለች፤ ከትናንት ይሻላል ብቻ።

እናቴ ጋ ደወልኩ። ባዶ እጄን ነው የምመጣው አልኳት። ለምን እንደሆነ ሳልጨርስ ስልኩ ተዘጋ።

በስድስተኛው ቀን ጠዋት ሰብለ ዳቦ በላስቲክ አድርጋ ሻንጣዬ ላይ አኖረችልኝ። ስታቅፈኝ ቶሎ አልለቀቀችኝም። ታደሰ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ውስጥ ገብቶ ጭድ እያቦካ ነበር፤ እጁ ስለተጨማለቀ ክርኑን ዘረጋልኝ። አሮጌው ፍሬም ሣንቃው አጠገብ ተደግፎ ቆሟል። ብርድ ልብሱን ከገመዱ ልወስደው ነካሁት፤ ርጥብ ነው፤ አሁንም ማር ማር ይሸታል። ተውኩት።

ባጃጁ ሱቁ ፊት ይጠብቀኝ ነበር። የመኝታ ቤቱ መስኮት ዝግ ነው። ሻንጣዬን ጫንኩ፣ ተቀመጥኩ፣ ሞተሩ ተነሳ።

መስኮቱ ሲጢጥ አለ። እትዬ ዘይነባ ራሳቸውን በወፍራም ሻሽ ጠምጥመው፣ ቤዛን እንዳዘሉ ብቅ አሉ። የበቆሎ ቆረቆንዳ በእጃቸው ይዘዋል። በመዝጊያውና በደፉ መካከል ሸጎጡት። ገፋ አድርገው ሞከሩት፤ አልዘጋም አለ።

«ሂጂ፣ ወይዘሪት ነፋስ» አሉኝ። «ይቺን ታህል ትበቃታለች።»

ባጃጁ ወደ መናኸሪያው ታጠፈ።